ለዘመድ የተያዘው ክፍል

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ውሸት ልናዘዝላችሁ። ውሸቱ አጭር ነው፤ አምስት ቃል እንኳ አይሞላም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ደባርቅ በሚገኘው ግቢያችን ያለችውን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ልናከራይ ፈለግን። ደላላው አንድ ወጣት ይዞ መጣ። ለመንገድ ሥራ ወደ እኛ አካባቢ የተላከ ቀያሽ ነው። አነጋገሩ ትሑት ነው፤ ዋጋውን አልተከራከረም፤ የሁለት ወር ኪራይ ቀድሜ እከፍላለሁ አለ። ተስማምተን ልንጨባበጥ ስንል እንደ ልማዴ «ወንድሜ፣ እምነትህ ምንድን ነው?» አልኩት። ኦርቶዶክስ ነኝ ቢለኝ ግድ አልነበረኝም፤ ሙስሊም ነኝ ቢለኝም አከራየው ነበር። እርሱ ግን ጥቂት አሰብ አደረገና «እውነቱን ልንገርህ መምህር፣ ሃይማኖት የለኝም» አለኝ።

እኔም ፈገግ ብዬ «ለካ ክፍሉ ለዘመድ ተይዟል» አልኩት። ባለቤቴ ቃል እንደገባች ረስቼው ነው አልኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። በር ድረስ ሸኘሁትና «ጌታ ይባርክህ» ብዬ ተሰናበትሁት።

የሚመጣ ዘመድ አልነበረም። ክፍሉ ከሁለት ወር በላይ ባዶውን ተቀመጠ።

ወጣቱ በዚያው ምሽት ቤት አገኘ። ያከራዩት አጥር የምንጋራቸው እማሆይ ናቸው፤ ቆባቸውን ከደፉ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ጾም የማይሽሩ የኦርቶዶክስ መነኩሴ። በማግስቱ በአጥር ላይ ስንነጋገር «ሃይማኖቱን አልጠየቁትም እንዴ?» አልኳቸው። «ጠየቅሁት እንጂ» አሉ። «የለኝም አለኝ። ጊዜው ሲደርስ እግዜር ይሰጥሃል አልኩት። ልጄ፣ በዚህ ብርድ የሰው ልጅ የት ይደር?»

ይህን ስሰማ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ትዝ አለኝ። በታሪኩ ውስጥ ስንት ጊዜ ራሴን በሳምራዊው ቦታ አስቀምጬ እንደሰበክሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያ ቀን ግን ቦታዬ ገለል ብሎ ካለፈው ካህን ጋር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ለምን ዋሸሁ? ወጣቱ ምንም አላጠፋም። ያደረገው ነገር ቢኖር ለጥያቄዬ እውነተኛ መልስ መስጠቱ ነው። ስለ እርሱ ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያች አንዲት ነገር ተነሥቼ ግን ብዙ ነገር ያወቅሁ መሰለኝ። ሴት ያመላልስ ይሆን? ኪራዩን ሳይከፍል ይጠፋ ይሆን? ልጆቼን ምን ያስተምርብኛል? ከሁሉም በላይ ደግሞ በልቤ የተመላለሰው «ለመሆኑ ይህን ሰው ምን ይይዘዋል?» የሚለው ነው። እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰው ከክፋት የሚመልሰው ልጓም የለውም ብዬ ደመደምሁ ማለት ነው።

ይህ አድልዎ ነው። ድንጋይ አይወረውርም፣ አይሳደብም፣ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ፈገግ ይላል፣ ይመርቃል፣ በሩንም ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ለዚህም ነው ራሳችንን ስንመረምር የማናገኘው።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር ያግዘናል። «አማኝ» እና «ታማኝ» ከአንድ ግንድ የተቀዱ ቃላት ናቸው። «እምነት» ስንል ሃይማኖትንም፣ በሰውና በሰው መካከል ያለውን መተማመንም ማለታችን ነው። የመሥሪያ ቤት ገንዘብ የበላ ሰው «እምነት አጎደለ» ይባላል። ስለዚህ አንድ ሰው «እምነት የለኝም» ሲለን ጆሯችን የሚሰማው «አትመኑኝ» ያለ መስሎ ነው። ጨካኝን ሰው ስንገልጽ «ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለው» እንላለን፤ ነውረኛውን «ሃይማኖት የለሽ» እንላለን። በእኛ በወንጌል አማኞች መካከል ደግሞ «ዓለማዊ» እና «አሕዛብ» የሚሉ ቃላት አሉን። ቃላቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጡ ናቸው፤ የምንናገርበትን ድምፅ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ አላመጣነውም።

«ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለውን አባባል ሁላችንም እንወደዋለን። በተለይ እኛ ቁጥራችን አነስተኛ የሆነው እንደ ጋሻ እናነሣዋለን። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሃይማኖት በእውነት የግል ከሆነ መኖሩም አለመኖሩም የግል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ከሃይማኖት ነፃነት ጋር የማሰብንና የኅሊናን ነፃነት አብሮ ያስቀመጠው አለ ምክንያት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት ውስጥ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ፣ ባህላዊ እምነትና «ሌላ» የሚሉ ምድቦችን ታገኛላችሁ። «ሃይማኖት የለኝም» ለሚል ሰው ለብቻው የቆመ ምድብ አታገኙም። ወረቀቱ ላይ ቦታ ያጣ ሰው በየግቢያችንም ቦታ ቢያጣ አይደንቅም።

እንግዲህ ወደ ቃሉ እንሂድ። ዘፍጥረት 20ን አንብቡ። አባታችን አብርሃም ወደ ጌራራ ይሄዳል። እንደ ደረሰም ሣራን ሚስቴ ናት በማለት ፈንታ እኅቴ ናት ይላል። የአገሩ ንጉሥ አቢሜሌክ ይህን አምኖ ሣራን ይወስዳል። እግዚአብሔር በሕልም ሲገሥጸው ሳያውቅ እንዳደረገው ይናገራል፤ እግዚአብሔርም ይህን በቅን ልብ እንዳደረገው አውቃለሁ ይለዋል። ጧት አቢሜሌክ አብርሃምን ጠርቶ ለምን እንዲህ አደረግህ ሲለው አብርሃም የሚመልሰውን በቁጥር 11 ላይ ታገኙታላችሁ። በአጭሩ፣ በዚህ አገር እግዚአብሔርን መፍራት የለም፣ ስለዚህ በሚስቴ ምክንያት ይገድሉኛል ብዬ አሰብሁ ነው ያለው።

አብርሃም ጌራራን ጠይቆ አላወቀም። ሰዎቹን ሳያይ ገመታቸው። ግምቱም የእኔው ግምት ነበር፤ እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰው ምን ይይዘዋል? አሁን የሆነውን ተመልከቱ። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ የዋሸው ማን ነው? እግዚአብሔርን የሚፈራው ነው። በቅን ልብ የተገኘው ማን ነው? የተጠረጠረው ነው። በቁጥር 15 ላይ ደግሞ አቢሜሌክ ምድሬ በፊትህ ናት፣ ደስ ባሰኘህ ስፍራ ተቀመጥ የሚል ግብዣ ያቀርባል። እንግዳውን የጠረጠረው አማኝ ከተጠረጠረው ሰው የመኖሪያ ቦታ ተሰጠው። እኔ ይህን ሳነብ የባዶው ክፍሌ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን አጥርቼ ልናገር። አቢሜሌክ ፈጣሪ የለም ያለ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ታሪኩ ከእኛ ጉዳይ ጋር በሁሉ ነገር አንድ ነው አልልም። አንድ የሚሆነው በአብርሃም በኩል ነው። ይህ ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔር የለውም፣ ስለዚህ ክፉ ነው፣ ስለዚህ እውነት ልነግረው አይገባኝም የሚለው ሰንሰለት አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀለበት እውነት ቢሆን እንኳ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከእርሱ አይከተሉም።

ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖት መቻቻል በጻፈው ዝነኛ ደብዳቤ መንግሥት በሰው ኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። ይሁን እንጂ ፈጣሪ የለም ለሚሉ ሰዎች መቻቻልን አልፈቀደም፤ ቃል ኪዳንና መሐላ እነርሱን ሊይዛቸው አይችልም የሚል ነበር ምክንያቱ። «ምን ይይዘዋል?» የሚለው የእኔ ጥያቄ በታላቅ ፈላስፋ ብዕር ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ከሎክ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1682፣ ፒየር ቤይል የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮቴስታንት ተቃራኒውን ጽፎ ነበር። ቤይል በእምነቱ ምክንያት ወደ ሆላንድ የተሰደደ ሰው ነው፤ ፓስተር የነበረው ወንድሙም በ1685 ፈረንሳይ ውስጥ እስር ቤት ሞቷል። የቤይል ሐሳብ እንዲህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚኖረው በአፉ እንደሚመሰክረው ትምህርት አይደለም። ጠባዩ፣ ልማዱ፣ አስተዳደጉ፣ የሰው ክብር መውደዱና እፍረትን መፍራቱ ይመሩታል። ሲኦል እንዳለ የሚያምን ሰው ይሰርቃል፤ እንደሌለ የሚያስብ ሰው አደራ ይጠብቃል። ስለዚህ ኢ-አማኞች ብቻ የሚኖሩበት ማኅበረሰብ ቢኖር የግድ ይፈርሳል ማለት አይቻልም።

የትኛው ልክ እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው ቆጠራ መሠረት በአማራ ክልል ከሕዝቡ 82.5 ከመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 ከመቶው ሙስሊም ነው፤ እኛ ፕሮቴስታንቶች 0.2 ከመቶ ብቻ ነን። ድምሩ መቶ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እንግዲያው በገበያ ቀን ኪስ የሚያወልቀው ሌባ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ቢባል መልስ አያጣም። ሚዛን የሚያጎድለው ነጋዴ፣ ጉቦ የሚቀበለው ሠራተኛ፣ በሐሰት የሚመሰክረው ሰው ሁሉ ሃይማኖት አላቸው። ይህን የምለው ሃይማኖትን ለማሳጣት አይደለም። ሃይማኖት አለኝ ማለት ብቻውን ለአንድ ሰው ዋስ እንደማይሆን ሁሉ ሃይማኖት የለኝም ማለትም ብቻውን ክስ ሊሆን አይችልም ለማለት ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከአሜሪካና ከእንግሊዝ እስከ ሕንድ ድረስ በ13 አገሮች ከ3,000 በላይ ሰዎችን ፈትኖ ነበር። ስለ ጨካኝ ነፍሰ ገዳይ የሚነገራቸው ሰዎች ገዳዩ አማኝ ሳይሆን ኢ-አማኒ ነው ብለው ለመገመት ይቸኩላሉ። የሚገርመው፣ ራሳቸው በፈጣሪ የማያምኑ ተጠያቂዎችም ይህንኑ አደረጉ። ይህ ጥርጣሬ እንግዲህ ከቃለ እግዚአብሔር የተማርነው ነገር ብቻ አይደለም። ከአየሩ ጋር አብረን የምንስበው ነገር ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን እሰማለሁ። «መምህር፣ እግዚአብሔር ከሌለ መልካምና ክፉ ከወዴት ይመጣሉ? መሠረቱን የካደ ሰው ቤቱ እንዴት ይቆማል?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም የመልካምነት ሁሉ ምንጭ እግዚአብሔር ነው ብዬ አምናለሁ፣ አስተምራለሁ። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎችን እንዳናደባልቅ። አንደኛው «መልካምነት ከወዴት ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ይህ ሰው መልካም ነገር ሊያደርግ ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን በትክክል መመለስ የማይችል ሰው ሁለተኛውን በሕይወቱ ሊመልስ ይችላል። ጳውሎስ በሮሜ 2፥14-15 ሕግ የሌላቸው ሰዎች በተፈጥሮ የሕግን ትእዛዝ ሲያደርጉ ሕጉ በልባቸው እንደ ተጻፈ ያሳያሉ የሚለው ይህን ነው። ልብ ላይ የጻፈው እግዚአብሔር ከሆነ ሰውየው ጸሐፊውን ስላላወቀ ጽሕፈቱ አይጠፋም። እኛ ደጋ የምንኖር ይህን እናውቃለን። ዝናቡ ከወዴት እንደሚመጣ የማያውቀው ገበሬም ገብሱ ይበቅላል። ጌታችንም በማቴዎስ 5፥45 አባቱ ዝናቡን ለማን ለማን እንደሚያዘንብ ነግሮናል።

«መዝሙር 14ስ? እግዚአብሔር የለም የሚል ሰነፍ ነው፣ ሥራውም የረከሰ ነው አይልም ወይ?» ይላል። ግን ያንን መዝሙር ጳውሎስ በማን ላይ እንደ ተጠቀመበት አንብቡ። በሮሜ 3 ላይ አይሁድንም አሕዛብንም፣ ሕግ ያለውንም የሌለውንም አንድ ላይ አሰልፎ ጻድቅ የለም ሲል ነው የጠቀሰው። ጥቅሱን እኛ ሌላውን የምንመታበት ዱላ አድርገነዋል፤ ሐዋርያው ግን ሁላችንም ፊታችንን የምናይበት መስተዋት አደረገው።

«ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ ተብለን የለም ወይ?» አዎን፣ በ2ኛ ቆሮንቶስ 6፥14። የትዳር አጋራችሁን ስትመርጡ፣ ኅሊናችሁን በሌላ ሰው ቀንበር ሥር ስታስገቡ ይህን ቃል አስቡ። ይኸው ጳውሎስ ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 5፥9-10 ከዓለም ሰዎች ጋር ጨርሶ አትገናኙ ማለቴ አይደለም ይላል፤ በዚያው መልእክት 10፥27 ላይም የማያምን ሰው ምግብ ቢጠራችሁ ሂዱ፣ ብሉ ይላል። አብሮ መብላት የሚፈቀድለትን ሰው ክፍል መከልከል ከየት መጣ? እኔ ከቃሉ አላገኘሁትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አባቶቻችን የሚያነሡት ነው። «ሃይማኖት የለሽ መንግሥት ምን እንዳደረገን አይተናል» ይላሉ። እውነት ነው። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ አማኞች ታሰሩ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ይህን ልንረሳ አይገባንም። ነገር ግን ታሪኩን ከመካከሉ አንጀምር። ከደርግ በፊት በ1964 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን የሙሉ ወንጌል አማኞች ስለ ተሰበሰቡ ብቻ ታስረዋል። ያን ጊዜ የታሰሩት በሃይማኖት የለሾች እጅ አልነበረም፤ ንጉሡም ዳኛውም እግዚአብሔርን የሚያመልኩ ነበሩ። በሁለቱም ዘመን ወንጀሉ በሌላው ሰው ኅሊና ላይ ጌታ ለመሆን መፈለግ ነው። ለዚያ ወንጀል ማመንም አለማመንም መከላከያ አልሆነም። ደግሞስ ያ ቀያሽ ደርግ ሲወድቅ ገና አልተወለደም። የማን ዕዳ ነው የጠየቅሁት?

እኛ ይህን ካባ ራሳችን ለብሰነዋል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በሮም መንግሥት የተከሰሱበት አንዱ ክስ ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁ? አምላክ የለሾች ናቸው የሚል ነበር። ምስል የሌለው፣ ቤተ መቅደስ የሌለው፣ መሥዋዕት የማይቀርብለት አምላክ ለሮማውያን አምላክ አይመስላቸውም ነበር። በሁለተኛው መቶ ዘመን የሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ ፖሊካርፕ ለሞት ሲቀርብ ሕዝቡ የሚጮኸው አምላክ የለሾች ይወገዱ እያለ ነበር። ዛሬ እኛ ሰው የምንገፋበት ስም ያን ጊዜ የእኛው ስም ነበር።

ከሩቁ ይልቅ የቅርቡን ውሰዱ። ከደባርቅና ከዳባት ከእናንተ መካከል «ጴንጤ» ተብሎ ያልተጠራ ማን አለ? በልቅሶ ቤት ገለል ብሎ ያልተቀመጠ፣ ቤት ሊከራይ ሄዶ ፊት ያልጠቆረበት ማን አለ? እኔ ጎንደር ተማሪ ሳለሁ አንድ አከራይ ሃይማኖቴን ጠይቀው ከሰሙ በኋላ «ለካ ልጄ ሊመጣ ነው» ብለው መልሰውኛል። ያን ዕለት በመንገድ ላይ እያለቀስሁ ጸለይሁ። ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ቃላቸውን ጥቂት ለውጬ ለሌላ ሰው ተናገርሁት። የእርሳቸው ልጅ ነበር፣ የእኔ ዘመድ ሆነ እንጂ ሌላ ልዩነት የለውም።

እስካሁን ስለ ሰውየው ነው የተናገርሁት። አሁን ስለ እናንተ ልናገር፤ ምክንያቱም የዚህ አድልዎ ዋጋ የሚከፈለው በውጭ ባለው ሰው ብቻ አይደለም።

አንድ ቀን ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ አንድ ወጣት ቆይቶ አነጋገረኝ። ማን እንደሆነ ለማወቅ አትሞክሩ። «መምህር፣ መጸለይ ካቆምኩ ስድስት ወር ሆኖኛል» አለኝ። «ማመኔንም አላውቅም። እሑድ ግን ከመዘምራን ጋር እቆማለሁ።» ለምን እስከ ዛሬ አልነገርኸኝም ስለው መሬት መሬት እያየ «ባለፈው ስለ ከሃዲዎች ስታስተምር የቀለድኸው ቀልድ ነበር፤ ሁሉም ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ» አለኝ።

ያ ቀልድ አሁን ትዝ አይለኝም። እርሱ ግን አልረሳውም። ስለማያምኑ ሰዎች ስንናገር የሚሰሙን የማያምኑ ሰዎች አይደሉም፤ እነርሱ በአዳራሹ የሉም። የሚሰማን በመካከላችን ተቀምጦ በዝምታ የሚጠራጠረው ወንድማችን ነው፣ እኅታችን ናት። እነርሱም ከእኛ ንግግር የሚማሩት ማመንን አይደለም። መደበቅን ነው። አድልዎ አማኝ አያፈራም፤ አስመሳይ ያፈራል።

በዚህ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን ኖረ በሚባለው በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስካሁን ቢከራከሩበትም፣ የአንድን ሰው እንዲህ ያለ ኑሮ ይተርካል። ሰውየው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ጠብ ሲበረታ ሸሽቶ በዋሻ ይኖራል፤ በኋላም ከጎንደር በስተደቡብ ባለችው እንፍራዝ ይቀመጣል። ፈጣሪን አልካደም፤ በዙሪያው ከነበሩት ሃይማኖቶች ግን አንዱንም በሙሉ ልቡ አልተቀበለም። ታዲያ በሰዎች መካከል ክርስቲያን መስሎ እየኖረ የልቡን በልቡ ያዘ። ከትምህርቱ ጋር እኔ በብዙ ነገር አልስማማም። ነገር ግን እጠይቃለሁ፤ ዛሬ በየመዘምራኑ መካከል ስንት እንፍራዝ አለ?

ቶማስን አስቡ። ወንድሞቹ ጌታን አየነው ሲሉት ካላየሁ አላምንም አለ። በዮሐንስ 20፥26 ላይ ግን አንድ ትንሽ ቃል አለች፤ ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ በቤት ውስጥ ሲሆኑ ቶማስ ከእነርሱ ጋር ነበረ። ስምንት ቀን ሙሉ «አላምንም» ያለው ሰው ከቤት አልወጣም። ቢያስወጡት ኖሮ ጌታ ሲመጣ የት ያገኘው ነበር?

አንድ ወጥመድ ደግሞ እንጠንቀቅ። ይህን ስጽፍ ያ ቀያሽ ምን ያህል ደግ እንደሆነ ልነግራችሁ ብፈልግ ይቀለኝ ነበር። ሕፃን ከወንዝ አወጣ፣ የእማሆይን ነፍስ አተረፈ ብል ደስ ይላችኋል። እውነቱ ግን ተራ ሰው ነው። ኪራዩን በወሩ ይከፍላል። ውኃ ሲጠፋ ያማርራል። አልፎ አልፎ ቢራ ይጠጣል። ለእማሆይ አንዳንዴ እንጨት ይፈልጥላቸዋል፣ አንዳንዴ ይረሳል። የማያምን ሰው ተገቢውን እንድናደርግለት ጀግና መሆን የለበትም። እኛም ተራ ኃጢአተኞች ሳለን ነው የተወደድነው።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ሻይ ቤት ተገናኘን። ሰላም ካለኝ በኋላ «መምህር፣ ዘመድህ መጣ እንዴ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልዋሽ አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ደከመኝ። «ዘመድ የለም፣ ዋሸሁህ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «በአጥር በኩል ሳይ ማታ ማታ መብራት አይበራም።» ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ቀጠለ። «ክፍሉን ስለከለከልኸኝ አልተከፋሁም፤ ቤቱ የአንተ ነው። የከፋኝ ጌታ ይባርክህ ስላልከኝ ነው። እኔ ስለማላምን ለእኔ ቃል ብቻ ነው። ለአንተ ግን ከዚያ በላይ መስሎኝ ነበር።»

ስለ እግዚአብሔር ስም ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ እንዲህ የወጋኝ የለም። የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ የሚለውን ትእዛዝ ለልጆች ሳስተምር ስንት ዓመቴ ነው! የጣስሁት ግን በመሐላ አይደለም፤ በምርቃት ነው። ይህንንም ያሳየኝ በዚያ ስም የማያምን ሰው ነው።

«ታዲያ በመጨረሻ ጌታን ተቀበለ ወይ?» ትሉኛላችሁ። ምስክርነት ሁሉ እንደዚያ እንዲያልቅ ለምደናል። አልተቀበለም። ሥራው ሲያልቅ እንደ መጣ ሄደ። እስኪሄድ ድረስ ብዙ ማታ ሻይ ጠጣን፣ ብዙ ተከራከርን፤ የማምነውን ሳልሸሽግ ነገርሁት፣ እርሱም የማያምንበትን ሳይፈራ ነገረኝ። አብርሃም ለአቢሜሌክ ጸልዮአል፤ የጸለየው ግን እውነቱ ከወጣ በኋላ ነው። እኔም ለዚያ ወንድም ዛሬ እጸልያለሁ። ጸሎቴ መልስ ባያገኝ እንኳ የነገርሁትን ውሸት ትክክል አያደርገውም፤ ያደረግሁትን ንስሐም ከንቱ አያደርገውም።

ክፍሉ አሁን ሰው አለበት። አዲስ ተከራይ ሲመጣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ውኃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ በሩ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስሙን ነው።